ጅብ የሌለበት የእንስሳት መጽሐፍ

በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ መዋዕለ ሕፃናት ሊከፈት ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሷል፤ ቤቱ ኖራ ተቀብቷል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕልም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የጎደለው ሕፃናቱ የሚያዩት የእንስሳት መጽሐፍ ብቻ ነበር።

እስቴ ውስጥ ማተሚያ ቤት ከየት ይምጣ? ሥራው ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ለኖሩት ለመሪጌታ ጥላዬ ተሰጠ። ትእዛዙ ቀላል ነው። በየገጹ አንድ እንስሳ፣ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ጓድ በላይነህ ይሣላል። ከበላይ አካል መጥቶ ቤቱን የሚመርቀው እሱ ነዋ!

መሪጌታ እዚያው አዲሱ ቤት ተቀምጠው ብሩሻቸውን ያነሱት እየፈሩ ነው። አምና ለበዓሉ መፈክር የጻፈው ማሩ አንድ ፊደል ዘለለ ተብሎ ደብረ ታቦር ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እሳቸው ደግሞ እናትም አባትም የሌላት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ።

«እኔ ከታሰርኩ ልጅቷን ማን ያያታል?» ይላሉ ላገኙት ሁሉ።

መጽሐፉን የሚመረምረው ካድሬው ጓድ ይግዛው ነበር። ይግዛው ሲመጣ ውሻ እንኳ መንገድ ይለቃል ይባላል። ገባ፤ ጤና ይስጥልኝ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ያልደረቀውን ቀለም በጣቱ ነካ አድርጎ «ሙጫው ቀጥኗል» አለና መግለጥ ጀመረ።

«በሬ ያርሳል» የሚለው አለፈ። አህያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አህያ ይሸከማል ይላል። ማነው የጫነው?»

«ኧረ ማንም አልጫነውም፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ ድሮ ቀረ! ማንም ካልጫነው ለምን ይሸከማል? ሰፊው ሕዝብ መሆኑ ነው? ይውጣ!»

አህያ ወጣ። በግም «በግ ይከተላል» ስለሚል ማንን እንደሚከተል ተጠይቆ ወጣ። አውራ ዶሮው «ይጮኻል» በመባሉ ወጣ፤ ጓድ በላይነህ ንግግር ከጀመረ ቶሎ እንደማይጨርስ አገር ያውቃል። ድመቷ ተኝታ ተገኘች፤ እሷም በሥራ ፈትነት ተባረረች።

ከዚያ ጅቡ መጣ። ይግዛው ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

«ይሄ ቦርጭ የማነው?»

«የጅቡ ነው።»

«የየትኛው ጅብ?»

መሪጌታ ቶሎ ብለው ብሩሻቸውን አነሱ። የጓድ በላይነህን ቦርጭ የማያውቅ የለማ።

«አ... አከሳዋለሁ» አሉ።

«አክሳውና በአገራችን ረሃብ አለ በል! አንተ ሽማግሌ፣ ደብረ ታቦር ናፍቆሃል መሰለኝ። ይውጣ!»

ከዚያ ሁሉ ከብትና አውሬ የተረፉት በሬውና እንቁላል የምትጥለው ዶሮ ብቻ ሆኑ። እነሱም ምርት ስለሚያመርቱ ነው።

የጓድ በላይነህ ገጽ ቀረ። መሪጌታ ፊት ለፊት አድርገው፣ በሁለት ዓይኑ እያየ፣ እንደ ጻድቅ ነድፈውት ነበር። ይግዛው ብጭቅጭቅ አደረገውና ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

«እንደ ሦስቱ! በጎን! መሪ ወደፊት ነው የሚያይ።»

«ጓድ ይግዛው፣ በኛ በሠዓሊዎቹ ወግ እኮ እንዲያ አይ...»

«ወግ ማን ጠየቀህ? ዓይኑም ጎላ ይበል፤ ንቁ ሰው ነው። እምቢ ካልክ ማሩ ጋ እልክሃለሁ።»

መሪጌታ ምን ያድርጉ? እንደተባሉት ሣሉት።

በምረቃው ቀን ጓድ በላይነህ ቀበቶውን አስተካክሎ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቶች ከኋላ ቆሙ። መሪጌታም የልጅ ልጃቸውን እጅ ጭብጥ አድርገው በሩ አጠገብ ቆሙ። መምህርት አልጣሽ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ገለጠች።

«በሬ!» አሉ ሕፃናቱ።

ገለጠች። «ዶሮ!»

ገለጠች። አንዲት ትንሽ ልጅ እየጮኸች ሮጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። የቀሩት በአንድ አፍ ጮኹ።

«ሰይጣን!»

ወይ ጉድ! ሕፃናቱ ምን ያጥፉ? በየሰንበቱ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የሚያዩት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ ጻድቅ ሁሉ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣንና ከሐዲ ግን በጎን፣ ባንድ ጎላ ያለ ዓይን።

ጓድ በላይነህ ተነሣ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሣለኝ?»

መሪጌታ የልጅቷን እጅ ለቀው ወደፊት ሊወጡ ሲሉ ይግዛው ቀድሞ ዘለለ።

«ጓድ! እርስዎ የተሣሉት ልክ እንደ ማርክስና እንደ ሌኒን ነው! በጎን የተሣለ ሁሉ ሰይጣን ነው የሚል ካለ፣ እነሱንም ማለቱ ነው። እዚህ ቤት እንዲህ የሚል አለ?»

ጓድ በላይነህ ወደ ግድግዳው አየ። ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው አየ። ሦስቱም በጎን ናቸው፣ ሦስቱም ባንድ ዓይን።

ጓድ በላይነህ ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ እናቶች ከንፈራቸውን ነክሰው ያጨበጭባሉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ግሩም ሥራ ነው!» አለ ጓድ በላይነህ። «ለወገዳም ለነፋስ መውጫም ሕፃናት ይባዛ!»

ለሠዓሊውም ምስጋና ተነበበ።

እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ባዶ ሲሆን መሪጌታ ብሩሻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ይግዛው ተመልሶ ገባ፤ ግራ ቀኙን አይቶ በሩን ዘጋ። አሁን ነው የሚወስደኝ ብለው መሪጌታ አማተቡ።

ይግዛው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበታቸውን ሳመና፣ «የኔታ፣ ይፍቱኝ፤ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ሰይጣኑን ሲሥሉ ቀለም እበጠብጥልዎ የነበርኩት ዲያቆን ነኝ» አላቸው።