ሊፍቱ የማይነካበት ሰዓት

“ነይ እማዬ፣ ላዝልሽ” አለና ሊፍት ጠባቂው ደረጃው ስር ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጣት።

እናቱ ዱላዋን በብብቷ ወሽቃ አንገቱን አቀፈችው። ሊፍቱ አጠገባቸው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ቁልፉም ያለው እሱው ኪስ ውስጥ ነው። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ታናሽ ወንድሙ ዶክተሩ ኳንተም ኮምፒውተሩን እየለካ ነው። በረዶ እንኳ ሙቅ በሚባልበት ብርድ ውስጥ የተንጠለጠለች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ አለች አሉ። የሊፍቱ ሞተር ካንቀጠቀጣት የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች። ሳትረሳ ምን ያህል እንደምትቆይ ለማወቅ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የተማረ ሰው እዚያ የታጎረው።

ባለፈው ወር አንድ ዕቃ ተሸካሚ አሳዝኖት ሊፍቱን ቢያንቀሳቅስ የሳምንት ልፋት ገደል ገባ ተባለ። ሰው ፊት ያዋረደው የገዛ ወንድሙ ነው። ሁለተኛ ከነካህ ከሥራ ሲያባርሩህ እኔም አላስጥልህም ብሎታል። ይህን ወንድሙን ለማስተማር ነበር እሱ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ ሲሚንቶ የተሸከመው። ያንን ሸክም ግን የሚለካ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም።

ጠዋት ደውሎ እማዬ መጥታለች ቢለው፣ ልኬት ላይ ነን ጋሼ፣ ስንጨርስ እደውላለሁ ብሎ ዘጋበት። እናትየው እሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ የግድግዳውን ስልክ ስታይ ዋለች። አውቶቡሷ ሊነሳ ነው፤ ታናሹን ካየችው ሁለት ዓመት አልፏል፤ በዚያ ጉልበቷ ደረጃው የሚታሰብ አይደለም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሹ አጠረ።

“አውርደኝ በቃ፣ ወገብህን ሰበርኩት” አለች በሹክሹክታ።

“ድምፅሽ ምን ሆነ?”

“ያ ነገር እንዳይሰማ ነዋ።”

ሳቁ መጣ፤ ለሳቅ የሚተርፍ ትንፋሽ ግን አልነበረውም። የሚፈራው ሞተር እንጂ ወሬ አይደለም ሊላት አሰበና ተወው። እሷ ደግሞ ጥቂት እንደወጡ ጆሮው ስር ተጠግታ፣ ልጁ ምሳ በልቶ ይሆን ወይ ስትል ጠየቀችው። እሱ ራሱ ቁርስም አልቀመሰም። ይበላል አላትና የደረጃውን መደገፊያ በእጁ ጨብጦ ቀጠለ።

አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ የላቦራቶሪው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሠራተኞቹ ጃኬታቸውን እየደረቡ ይሳሳቃሉ። ዶክተሩ ሞባይሉ ላይ አቀርቅሮ ሲወጣ ከሁለቱ ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

“ጋሼ? ምነው በሊፍት አትመጡም? እኛ እኮ ከጨረስን ቆየን” አለ። ቀጥሎ ፊቱ ተለዋወጠ። “ሳልደውልልህ ቀረሁ እንዴ?”

የጠባቂው ላብ ከአገጩ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እናቱ ጀርባው ላይ እንደታዘለች በትከሻው በኩል እጇን ዘርግታ የታናሹን ጉንጭ ዳበሰች።

“ቀስ በሉ” አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ። “ይሰማል።”