አጥሩን ወደ ውስጥ

ድጅኖውን ባሳረፍኩ ቁጥር ይነጥራል። ላዩ ጭቃ ነው፣ ሥሩ ግን ገና በረዶ፤ እዚህ ካናዳ፣ የካልጋሪ ሚያዝያ እንዲህ ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስሬ እንደገና አሳርፈዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችንን የጓሮ አጥር ከትናንት ጀምሬ ነቅዬዋለሁ። ቋሚዎቹን ወደ ውስጥ አስገብቼ እንደገና ተክያለሁ። የቀረኝ የጥጉ ነው። እሱ ካልቆመ ሽቦው አይወጠርም፣ ሽቦው ካልተወጠረ ደግሞ አጥር አይባልም።

ጋሼ መልከጼዴቅ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩኛል። የሰበካ ጉባኤው ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው።

«ጎልማሶቹስ?» ይሉኛል።

«የሥራ ሺፍት ገቡ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እናግዛለን ብለው ቃል የገቡት እሑድ ነው፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«የዛሬን ስግደት በድጅኖ አደረግሽው በይኛ፣ ገኒ።»

ድጅኖውን መልሼ አነሳለሁ። ጾም ላይ ነኝ፣ ትንፋሼን እፈልገዋለሁ።

ነገሩ ይሄ ነው። ከሰፈራችን ከፔንብሩክ ሜዶውስ ተነስቶ በየሰዉ ጓሮ እየዞረ የመስኖው ቦይ ዳር የሚወጣ የእግር መንገድ አለን። ከዚያ ወዲያ ውሃውን ተከትሎ እስከ ጎረቤት ከተማው ቸስተርሚር ያስኬዳል። ቆሻሻውን ለቅሞ፣ ጠጠር አፍስሶ መንገድ ያደረገው የሰፈሩ ሰው ነው። አሁን ፕሮቪንሱ፣ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ማለት ነው፣ ራሱ ከሚያስተዳድራቸው የእግር መንገዶች ውስጥ ሊያስገባው አስቧል፤ ዛሬ ጠዋት የምታይ ሴትዮ ይልካል። ከገባልን በረዶው ይጠረጋል፣ ማንም ብድግ ብሎ አይዘጋውም። ግን መንገዱ የተቆረጠ ከሆነ አይቀበሉትም። የሚቆረጠው ደግሞ እዚህ ነው፣ እኛ ጓሮ። እዚህ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ትልቁ መንገድ ወጥቶ ከትራክ ጋር እየተጋፋ ይዞራል።

አናሳልፍም ያልነው በውሻ ምክንያት ነው። እዚህ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው ያለ ውሻው አይወጣም፣ ውሻ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም። ጋሼ በዚህ ነገር ንቅንቅ አይሉም። እኔ ፊደል እንኳ በቅጡ አልቆጠርኩም፣ ግን እሑድ ጉባኤ መሃል ተነሳሁና ቄስ ወልደየስን ጠየቅኳቸው። ግቢ የሚባለው እስከ የት ነው? «እስከ አጥሩ» አሉ። እንግዲያው አጥሩን ወደ ውስጥ እንሳበውና መንገዱ ውጭ ይቅር አልኩ። ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት አጥሩ ከቆመ ይሁን ተባለ። እጃቸውን ያላወጡት ጋሼ ብቻ ናቸው።

«የእግዜርን መሬት ለውሻ እየቆረስሽ ነው» ይላሉ አሁን።

«ለሰው ነው የምቆርሰው።»

«ሰው በትልቁ መንገድ ይሂዳ። ሲሄድ አልኖረም?»

ድጅኖውን አቆመዋለሁ። ይሄን ልነግራቸው አላሰብኩም ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉሸዋ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ በእግር ሂጂ ስላላቸው ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ነው የሚወጡት።

«ጋሼ፣ እዚህ ስንደርስ እትዬ ሙሉሸዋ በየት በኩል እንደሚሄዱ ያውቃሉ?»

«በየት በኩል?»

«በሣሩ። በመኪናው በኩል እኔ ነኝ።»

«እና?»

«መኪናው ከሳተ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ ብዬ ነዋ። ባለፈው የትራክ መስታወት እጅጌዬን ነክቶኝ አልፏል። ለእርስዎ እንዳልነግር ብለውኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ጋሼ ወደ ትልቁ መንገድ ዞረው ያያሉ። አንድ ትራክ ያልፋል፣ ከኋላው ሌላ፤ ጭቃውን እኛ የምንሄድበት ላይ እየረጩ።

«ፈርታ ነበር?»

«እሳቸው? ሹፌሩን ሰደቡት እንጂ።»

ሊስቁ ይላሉ፣ አይስቁም። ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡታል።

«ወዲህ በይው» ይሉኛል፣ ድጅኖውን። «አያያዝሽ ወጥ የምታማስይ ነው የሚመስለው።»

እሳቸው ይቆፍራሉ፣ እኔ አፈሩን በእጄ አወጣለሁ። ጉድጓዱ ጉልበቴ ጋ ሳይደርስ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ሲቆም እንሰማለን። መጣች። ቋሚውን እንከተዋለን፤ ጋሼ ሽቦውን ስበው ያያይዙታል፣ ውጥር ይላል። ቋሚው ግን ሥሩ አፈር የለውም፣ ሊወድቅ ያዘነብላል። በሁለት እጄ አቅፌ አቀናዋለሁ።

ሴትዮዋ ቦት ጫማዋን አድርጋ በጓሮ በኩል ትመጣለች። ከጎኗ ጥቁር ትልቅ ውሻ አለ። ወደ ጋሼ ማየት እፈራለሁ።

እጇን ትዘረጋልኛለች። ብጨብጣት አጥሩ ይተኛል። በአገጬ ሰላም እላታለሁ።

መንገዱ በዚህ ነው ወይ ትለኛለች በእንግሊዝኛ።

«ዬስ። ስትሬት» እላታለሁ። «ጎ፣ ጎ።»

ጠጠሩን እየረገጠች ታልፋለች፣ ግራ ቀኝ እያየች። ውሻው ግን ቀርቷል። ሽቦው ጋ ቆሞ ወደ ጋሼ ያሸታል። እሱ በውጭ፣ እሳቸው በውስጥ። ብትጠራውም አይሰማትም።

ጋሼ ጎንበስ ይላሉ። ድንጋይ ሊያነሱ ይመስለኛል። የሚያነሱት አፈር ነው። ዓይናቸውን ከውሻው ሳይነቅሉ እፍኙን እኔ እግር ሥር፣ ቋሚው ጉድጓድ ውስጥ ይመልሱታል።

«እለፍ» ይሉታል፣ ቀስ ብለው። «መንገድ ነው፣ እለፍ።»

ውሻው ወደ ቦዩ ይሮጣል።

«አትልቀቂ» ይሉኛል ጋሼ። ይንበረከኩና አፈሩን በሁለት እጃቸው ወደ ጉድጓዱ መዛቅ ይጀምራሉ።