የዝይ ላባ

የካህናቱ አለቃ ጌርላህ የዝይ ላባውን በሊቀ ጳጳሱ ከንፈር ላይ አኖረ። በሌላ እጁ መዶሻ ይዟል፤ ሊቀ ጳጳስ ሲያርፍ ማኅተሙ እዚያው አልጋው አጠገብ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ በስሙ የሚታተም ደብዳቤ የለም። ሠላሳ ዓመት ከራይን ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያለውን አገር የገዙት፣ ሁለት ንጉሥ ቀብተው አንዱን ያወገዙት ሰውዬ አሁን የሚጠበቅባቸው አንድ ላባ ማነቃነቅ ነበር።

ሃድቪግ አልጋው ሥር ተንበርክካለች። ሸማኔው ባሏ የቀትር ደወል ሲደወል ይሰቀላል። ሊቀ ጳጳሱ ጠዋት ያስጻፉት የምሕረት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰሙም ፈሶበታል፤ የቀረው ማኅተሙ ብቻ ነው።

«አባቴ፣ ሰሙ ሳይደርቅ ማኅተሙን ይምቱልኝ» አለችው ጌርላህን።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! በሙት ስም አይታተምም።»

«መቼ ሞቱ? ስብከታቸው መሀልም እኮ እንዲህ ዝም ይሉ ነበር።»

ጌርላህ ሳቁን ዋጠ፤ ያንን ስብከት ሠላሳ ዓመት ቆሞ ሰምቷል። ላባው ግን ንቅንቅ አላለም። መዶሻውን ከፍ አደረገ።

ሃድቪግ የሊቀ ጳጳሱን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች። እጃቸው በረዶ ነበር። ቀና ስትል ፊቷ በትራሱ በኩል አለፈ፤ ላባውም ብድግ ብሎ ጢማቸው ላይ ወደቀ።

ጌርላህ ላባውን አየ። ቀጥሎ ገና እንደሞጠሞጠ የቀረውን ከንፈሯን አየ። ከማማው የደወሉ ገመድ ሲንሲያጠጥ ይሰማል።

«ተነፈሱ» አለ፤ ማኅተሙን ሰሙ ላይ ተጭኖ ደብዳቤውን ሰጣት። በሩ ጋ ስትደርስ፣ «አሁን ደግሞ አረፉ» ሲል ሰማችው፤ መዶሻውም ወረደ።