ከሶስና ኪስ የተገኘው ክብሪት

ልጅቷን የሚጥል በሽታዋ ክፍል ውስጥ ከጣላት ቀን ወዲህ፣ "ይጋባብናል" ብለው ሁሉም ሸሿት። ያን ዕለት ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሶስና ናት፤ እስከ ዛሬም "ዘጭ" እያለች ነው የምትጠራት።

ሰኞ ጠዋት ግን ይህችው ሶስና ደብተሯን ሰብስባ መጥታ ልክ ከኋላዋ ተቀመጠች። ልጅቷ ነገሩ አላማራትም። ማክሰኞ ከሶስና ዩኒፎርም ኪስ የክብሪት ቀፎ ብቅ ብሎ አየች። "ሹሩባዬን ልታቃጥለው ነው" ብላ ፀጉሯን ወደ ደረቷ ስባ፣ በጎን እየሰረቀች ስታያት ዋለች። ረቡዕ ላይ ግን አላስቻላትም።

"ቲቸር፣ ሶስና ክብሪት ይዛለች! ልታቃጥለኝ ነው!"

መምህሩ የሶስናን ኪስ ፈትሸው ክብሪቱን አወጡ።

"ምን ልታደርጊበት ነው?"

"ቲቸር፣ ለብቻዎ ልንገርዎት" አለች ሶስና አንገቷን ደፍታ።

"ምን ለብቻ አለው! ሁሉም ይስማ!"

ሶስና እንባዋ መጣ።

"ስትወድቅ ጭሬ ጭሱን ላስሸትታት ነው። እቤት ወንድሜን ሲጥለው እንደዚያ ነው የምናነቃው።"

ከሶስና ጎን የተቀመጠችው ሌላ ተማሪ ቀስ ብላ ደብተሯን ሰብስባ ከሶስና ልትርቅ ተነሳች።