ሐምራዊው ፉርጎ

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ፣ ተሳፋሪ አልጫንክም!» ይላል የማኅበሩ ሰብሳቢ።

«ዛሬ እንኳ ‹ወራጅ አለ› ብሎ የሚጮህብኝ የለም» ይላል ሹፌሩ ዓይኑን ከሐዲዱ ሳይነቅል፤ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርጋል። አዳራሹ ይስቃል። ባቡሩ ይንቀሳቀሳል።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተገጣጠሙት ጠረጴዛዎች ላይ የጫማ ካርቶን የሚያካክሉ ፉርጎዎች አንዱ ሌላውን እየሳበ ይነሳሉ። የመንጠቆዎቹ ቀጭ ቀጭታ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ይሮጣል። ጭራው ገና ከቆመበት ሳይነቃነቅ ራሱ፣ ጎታቹ ሞተር፣ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ተጠግቷል። የሞዴል ባቡር ማኅበሩ ይህን ረጅም ባቡር የሚያስኬደው በዓመት አንዴ ነው፤ አባል ሁሉ ከቤቱ ሠርቶ ያመጣውን ፉርጎ ይቀጥልበታል። የሚነዳው በተራ ነው። ባቡሩን የጣለ መቆጣጠሪያውን ለባለተራው ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ለከርሞ ነው።

ሹፌሩ ተራ ሲደርሰው የመጀመሪያው ነው። ሚስቱንም ይዟት መጥቷል። በየቅዳሜው «ሳምንቱን ሙሉ የነዳኸው አውቶቡስ አልበቃህ ብሎ!» እያለች የምትሸኘው ሴት፣ ዛሬ የክት ጫማዋን ተጫምታ ከተመልካቾች ፊት ቆማለች።

«ይሄ ሁሉ ላንተ ነው የሚታዘዘው?» ትለዋለች።

«አየሽ አይደል!»

«አንተስ ቤት እንዲህ ብትታዘዝ ምን ነበረበት?»

ሹፌሩ ጆሮው እስኪቀላ ይስቃል። ደስ ብሎታል።

ከአባላቱ አንዷ፣ ፋርማሲስቷ፣ አትስቅም። ከባቡሩ ራስ ቀጥሎ ሦስተኛ የገባውን ሐምራዊ ፉርጎ ነው የምታየው፤ የራሷን። ቀለሙን ደራርባ ቀብታ፣ አድርቃ፣ እንደ መስታወት አብርታዋለች። ከኋላ ከገባማ ማን ያየዋል ብላ ሰብሳቢውን ለምና ነው ቦታውን ያገኘችው። የማኅበሩ ሕግ ግን ለሕፃንም አይጠፋውም፦ ቀላል ፉርጎ ከፊት አይገባም። የኋላው ክብደት ሁሉ በእሱ በኩል ስለሚጎተት ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ተስቦ ይገለበጣል። ስለዚህ ፉርጎ ሁሉ ከሥሩ ተከፍቶ ብረት ይለጠፍበታል። የእሷ ቢከፈት ደግሞ ያ ሁሉ ቀለም ይሰነጠቃል።

ጠዋት ወንድም ጋሼ፣ ወደ ማኅበሩ ያመጣት ታላቅ ወንድሟ፣ «ብረት ጨመርሽበት?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«አንተ ደግሞ! እኔን ስለ ሚዛን ትጠይቀኛለህ?» አለችው ዓይኗን በጨው አጥባ። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስትመዝን የምትውል እህቱን ‹ፉርጎሽን ሚዛን ላይ አውጪ› ማለት ነውር መሰለውና አለፋት።

አሁን የባቡሩ ራስ ኩርባውን ይዟል። ሁለተኛው ፉርጎ አለፈ። ሐምራዊው የውጭ ጎማዎቹን እንደ ማንሳት ይላል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ያነሳል። ከዚያ በጎኑ ይተኛል። ከኋላው ያሉት ይገፉታል፤ ሰብሳቢው ክረምቱን ሙሉ የሠራው ባለ በረንዳ ፉርጎ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ይከሰከሳል።

«ኧረ በሕግ! ነዳጅ ረገጥክ እንዴ?» ይላል አንዱ።

«አውቶቡስ መሰለው!» ይላል ሌላው።

ሹፌሩ አውራ ጣቱን ያያል። «አልገፋሁትም… ማለቴ፣ እንጃ። እጄ ይሆናል። እጄ ከባድ ነው።» ሚስቱ አሁን አትቀልድም። የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ለማለት ረጅም ትንፋሽ አይጠይቅም። ፋርማሲስቷ አፏን ትከፍታለች። ሁሉም ወደ እሷ ይዞራሉ።

«አይዞህ» ትለዋለች ሹፌሩን፣ «ማንም ላይ የሚደርስ ነው።»

ድምፅዋን ራሷ ትሰማዋለች፤ ለታማሚ መድኃኒት ስታቀብል የምታወጣው ለስላሳ ድምፅ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» ይላል ሹፌሩ። «ያንን የመሰለ ፉርጎሽንም ጣልኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ አልዋጠቻትም። ሲሚንቶ ነው።

የወደቁትን ፉርጎዎች ይለቃቅማሉ። ወንድም ጋሼ ሐምራዊውን ያነሳል፤ ሊያስቀምጠው ሲል እጁ አየር ላይ ይቀራል። መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ቀና ብሎ እህቱን ያያታል። ቢቆጣት በወደደች። እሱ ግን ፉርጎውን በብብቱ ይዞ በባቡሩ ጎን እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ጎንበስ ብሎ ጭራው ላይ ይቀጥለዋል።

«ባለተራ!» ይላል ሰብሳቢው የፉርጎውን የተሰበረ በረንዳ ኪሱ እየከተተ።

ባለተራዋ ፋርማሲስቷ ናት። ሹፌሩ መቆጣጠሪያውን በሁለት እጁ ያቀብላታል። የእጁ ሙቀትና ላብ ገና አልለቀቀውም።

ቁልፉን ገፋ ታደርጋለች። ባቡሩ ይነሳል። ራሱ ኩርባውን ይይዛል፤ የድንጋይ ጭነቶቹ፣ በርሜሎቹ፣ ሁሉም ተራ በተራ እንደ ውኃ ይፈሳሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

«እጅ ማለት ይሄ ነው!» ይላል ሰብሳቢው። «መድኃኒት የለመደ እጅ!»

ከሁሉ አብልጦ የሚያጨበጭበው ሹፌሩ ነው፤ እጆቹን ከራሱ በላይ አንስቶ። «አየሽ?» ይላታል ሚስቱን፣ «እንዲህ ነው የሚነዳው።»

ወንድም ጋሼ እጆቹን ኪሱ ከቷል። ፋርማሲስቷ ቀና አትልም፤ ሐዲዱን ብቻ ታያለች። ባቡሩ ከፊቷ ያልፋል፣ ያልፋል፤ ከሁሉም ኋላ ሐምራዊው ይመጣል፣ እያብረቀረቀ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ፣ ምንም ሳይጎትት።