ይቅረብ የተባለው ወላጅ

መምህሩ ትምህርት ሊያቋርጡ ይችላሉ ብሎ ከለያቸው ተማሪዎች መካከል፣ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማረውን ትርንጎን ያህል ያደከመው የለም። ደጋግማ ብትቀር ወላጅ እንድታመጣ አዘዛት። አከራይዋን ይዛ ስትመጣ ግን፣ በውሸት አጎትና አክስት ስንቴ ተሸውዷልና፣ «አባትሽን ራሱን!» ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ደብዛዋ ጠፋ።

ዛሬ እየተበሳጨ አከራይዋ ቤት ድረስ ሄደ።

«እንዲህ እየለፋሁላት ትምህርቷን ትታ ትጥፋ?»

«ኧረ አልተወችም፣ መምህር! ትምህርቴ ከሚቀርብኝ ብላ አባቷን ልታመጣ አገሯ ገባች።»

«ታዲያ አባትየው የት አሉ?»

«ትናንት መጥቶ ልብሷንና ፍራሿን ጭኖ ሄደ» አሉት ሴትየዋ። «እሑድ ሠርጓ ነው። መጀመሪያስ ሊድሯት ሲሉ አይደል አምልጣ እኔ ዘንድ የመጣችው?»