ነጠላ የለበሰችው ሥዕል

ጥሩሐረግ በረሃቡ ዘመን የሞተችውን ታናሽ እህቷን ጆንያ ላይ ስላ፣ በሰቆጣ ትምህርት ቤት አዳራሽ በተከፈተው ኤግዚቢሽን፣ በምርጥ ዘር ማስታወቂያና በአውራጃው ካርታ መካከል ሰቅላት ነበር። ፊቷን ብቻ ለመሳል ሦስት ወር ፈጅቶባታል። ኤግዚቢሽኑን ሊያይ የመጣው ሰው ግን እየጠቆመ ይስቅ ነበር።

"ዓይኗ እኮ ፊቷን ጨረሰው! ሠዓሊዋ መለካት አልተማረችም እንዴ?" አለ አንድ ከረባት ያሰረ ጸሐፊ።

"የረሃብን ልክ አንተ ታውቀዋለህ?" ልትለው ጥሩሐረግ አፏን ስትከፍት፣ ከዚያው አውራጃ ከዝቋላ ሁለት ቀን በእግሯ የመጣችውን እናቷን በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ቃሉን ዋጠችው።

እናቷ ቀርባ ሥዕሉን አንዴ አየችና "መጋረጃዋስ?" አለች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ሰው እንዲያያት ብዬ ነው የሰቀልኳት።"

እናቷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሥዕሉን ሸፈነችው፤ ብርድ እየመታትም አጠገቡ ቆመች።

ከዚያ ወዲያ የገባው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ የነጠላውን ጫፍ እየሳመ አለፈ። ያ ጸሐፊ እንኳ ጓደኛውን ይዞ ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ገልጦ ያያት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይሄን ጊዜ ጥሩሐረግ አላስችል አላት፤ ልትገልጣት እጇን ስትሰድ እናቷ ያዘቻት።

"ተያት ልጄ። ያን ጊዜ ያለ መግነዝ ነው የቀበርኳት።"

ጥሩሐረግ እጇን አልመለሰችም። በአንድ በኩል ያጠረውን የነጠላ ጫፍ ስባ፣ የእህቷን እግር ሸፈነችው።